የጉበት ሲሮሲስ መድኃኒቶች ንጽጽር፦ የትኛው መድኃኒት፣ ለየትኛው ችግር፣ በየትኛው ደረጃ

ሲሮሲስ (የጉበት በጠባሳ መሞላት) እንዳለበት የተነገረው ሰው፣ ወይም የሚያስታምመው ቤተሰብ፣ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ለዚህ በሽታ የሚሻለው መድኃኒት የትኛው ነው?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን በዚህ መልኩ ሲቀርብ መልስ የለውም፤ ምክንያቱም በጠባሳ የተሞላን ጉበት በቀጥታ ወደ ጤናማነት ይመልሳል ተብሎ የጸደቀ አንድም መድኃኒት የለም። ያሉት መድኃኒቶች ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ይሠራሉ። አንደኞቹ ጉበቱን እያቆሰለ ያለውን መንስኤ ያጠፋሉ ወይም ያስታግሳሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ ጠባሳው ያስከተላቸውን መዘዞች፣ ማለትም የሆድ ውኃ መቋጠርን፣ የደም መፍሰስን፣ የአእምሮ መደናገርንና የኩላሊት መድከምን ይከላከላሉ ወይም ያክማሉ። ስለዚህ ለአእምሮ መደናገር የሚሰጠውን ላክቱሎስን ደም መፍሰስን ከሚከላከለው ፕሮፕራኖሎል ጋር ማነጻጸር ትርጉም አይሰጥም፤ ላክቱሎስን ከሪፋክሲሚን፣ ፕሮፕራኖሎልን ከካርቬዲሎል ጋር ማነጻጸር ግን ይቻላል፣ ይገባልም።

ይህ ጽሑፍ ለተመሳሳይ ሥራ የሚታዘዙትን መድኃኒቶች ጎን ለጎን እያስቀመጠ አንዱ ከሌላው የሚመረጥበትን ምክንያት ያስረዳል። የተጠቀሱት መጠኖች ለአዋቂዎች የተለመዱት ሲሆኑ፣ የቀረቡትም ታካሚውና አስታማሚው ሐኪሙ የሚላቸውን በሚገባ እንዲከታተሉ ነው፤ ማንም በራሱ ውሳኔ መድኃኒት እንዲጀምር፣ መጠን እንዲጨምር ወይም እንዲያቋርጥ አይደለም። በሲሮሲስ ጉዳይ ይህ ማሳሰቢያ ለወግ ያህል የሚጻፍ አይደለም፤ በሽታው ደረጃ ሲለውጥ ትናንት የጠቀመው ክኒን ዛሬ ሊጎዳ ይችላልና።

ደረጃው ሳይታወቅ ምርጫ የለም

ሐኪሞች ሲሮሲስን በሁለት ይከፍሉታል። በመጀመሪያው ደረጃ ጉበቱ ጠባሳ ቢበዛበትም የቀረው ጤናማ ክፍል ሥራውን ስለሚሸፍን ታካሚው ምንም ሳይሰማው ለዓመታት ሊኖር ይችላል። ሁለተኛው ደረጃ የሚጀምረው ሆድ ውኃ ሲቋጥር፣ በጉሮሮ ቧንቧ ውስጥ ያበጡ ደም ሥሮች ሲደሙ፣ አእምሮ ሲደናገር ወይም ዓይን ቢጫ ሲሆን ነው። የጉዳቱን ክብደት በቁጥር ለመግለጽ ቻይልድ ፒው የሚባለው መለኪያ ያገለግላል። መለኪያው ቢሊሩቢንን (ዓይንን ቢጫ የሚያደርገውን ቀለም)፣ አልቡሚንን (ጉበት የሚሠራውን የደም ፕሮቲን)፣ ደም ለመርጋት የሚወስደውን ጊዜ፣ የሆድ ውኃንና የአእምሮን ሁኔታ አንድ ላይ ደምሮ ከ5 እስከ 6 ነጥብ ያለውን ታካሚ በኤ፣ ከ7 እስከ 9 ያለውን በቢ፣ ከ10 እስከ 15 ያለውን በሲ ይመድባል።

ከመድኃኒቱ ስም በፊት ይህ ምድብ መታወቅ አለበት። ለሄፓታይተስ ሲ የሚሰጠው ግሌካፕሬቪር ያለበት ክኒን በኤ ምድብ ላለ ታካሚ በጣም ውጤታማ ሲሆን በቢ እና በሲ ምድብ ላለ ግን አይሰጥም፤ የተዳከመው ጉበት መድኃኒቱን ማጣራት ስለማይችል በደም ውስጥ እየተጠራቀመ ጉበቱን ሊጥለው ይችላል። ኢንተርፌሮን የሚባለው የሄፓታይተስ መርፌም እንዲሁ በሁለተኛው ደረጃ ላይ የተከለከለ ነው። ኦቤቲኮሊክ አሲድ የተባለው የሐሞት ቱቦ በሽታ መድኃኒት ደግሞ ከጸደቀ በኋላ በከፍተኛ ሲሮሲስ ላይ የነበሩ ታካሚዎችን ክፉኛ እንደጎዳ በመታወቁ፣ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2021 አጠቃቀሙን ገድቦታል። እንግዲህ «ሌላ ታካሚ ድኖበታል» የሚለው ምስክርነት፣ ያ ታካሚ በየትኛው ደረጃ ላይ እንደነበረ ካልታወቀ በቀር፣ ለምርጫ የሚረዳ ነገር የለውም።

መንስኤውን የሚያክሙ መድኃኒቶች

በሲሮሲስ ሕክምና ትልቁ ትርፍ የሚገኘው እዚህ ላይ ነው። ይህን አጽንቼ የምናገረው የሆድ እብጠትና የእግር ማበጥ ስለሚታዩ የሕክምናው ትኩረት በእነርሱ ላይ ሲቀር፣ በዝምታ ጉበቱን የሚያፈርሰው መንስኤ ግን ብዙ ጊዜ ስለሚዘነጋ ነው። ጠባሳ በጭራሽ አይቀንስም የሚለው የቀድሞ እምነትም ዛሬ አይሠራም። ሄፓታይተስ ቢ ያለባቸው ሕሙማን ቴኖፎቪር እየወሰዱ ለአምስት ዓመት በተከታተለና በ2013 በታተመ ጥናት፣ ሲጀመር ሲሮሲስ ከነበረባቸው 96 ሰዎች መካከል 71ዱ በአምስተኛው ዓመት በተወሰደው የጉበት ናሙና ሲሮሲስ አልታየባቸውም።

ለሄፓታይተስ ቢ ዋናው ምርጫ በኤንቴካቪር እና በሁለቱ የቴኖፎቪር ዓይነቶች መካከል ነው። ሲሮሲስ ያለበት ሰው በደሙ ውስጥ ቫይረሱ እስከታየ ድረስ፣ መጠኑ ጥቂት ቢሆንም እንኳ፣ ሕክምና ይጀመርለታል። ቫይረሱን በማፈን ረገድ ሦስቱም ኃይለኞች ናቸው፤ የሚለያዩት በሌላ ነገር ነው። የቀድሞው ቴኖፎቪር፣ ዲሶፕሮክሲል የሚባለው፣ በአንዳንድ ሰዎች ላይ ኩላሊትንና አጥንትን ስለሚጎዳ የኩላሊት ምርመራ በየጊዜው ይጠይቃል። አላፌናሚድ የሚባለው አዲሱ ዓይነት በ25 ሚሊግራም ብቻ ተመሳሳይ ውጤት እየሰጠ ለኩላሊትና ለአጥንት የቀለለ ነው። ኤንቴካቪርም ለኩላሊት የተሻለ ነው፤ ይሁን እንጂ በባዶ ሆድ መወሰድ አለበት፣ የኩላሊት አቅም ሲቀንስ መጠኑ ይስተካከላል፣ ቀደም ሲል ላሚቩዲን ወስዶ ቫይረሱ ለተላመደበት ሰው ደግሞ ጥሩ ምርጫ አይደለም። መጠኑም እንደ ደረጃው ይለያያል፤ በመጀመሪያው ደረጃ በቀን 0.5 ሚሊግራም የሚሰጠው ኤንቴካቪር በሁለተኛው ደረጃ 1 ሚሊግራም ይሆናል። ለነፍሰ ጡር እናት ቴኖፎቪር ይመረጣል። ላሚቩዲን ብቻውን ዛሬ የሚመከር አይደለም፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ከአሥር ታካሚዎች በሰባቱ ያህል ቫይረሱ ይላመደዋል። ከሁሉም በላይ ግን፣ ሲሮሲስ ያለበት ሰው እነዚህን ክኒኖች በድንገት ካቋረጠ ቫይረሱ አገርሽቶ የቀረውን ጉበት በሳምንታት ውስጥ ሊያወድመው ይችላል። የትኛውም ቢመረጥ ሳይቋረጥ ሊገኝና ሊወሰድ የሚችል መሆኑ ከጥቃቅን ልዩነቶች ሁሉ ይቀድማል።

ሄፓታይተስ ሲ ከዚህ ይለያል፤ የሚድን በሽታ ነው። ሶፎስቡቪርንና ቬልፓታስቪርን በአንድ ክኒን የያዘው ሕክምና በሁሉም የቫይረሱ ዝርያዎች ላይ ይሠራል፣ በቀን አንድ ጊዜ ለ12 ሳምንት ይወሰዳል፣ በመጀመሪያው ደረጃ ላይ ካሉት ከ100 ታካሚዎች ከ90 የሚበልጡትን ያድናል። ጉበቱ አቅም ካጣ በኋላ ያለው አማራጭ ይኸው ክኒን ከሪባቪሪን ጋር ለ12 ሳምንት፣ ሪባቪሪንን የማይችል ከሆነ ደግሞ ብቻውን ለ24 ሳምንት ነው። ሪባቪሪን የደም ማነስ ስለሚያመጣ ቀድሞውንም ደሙ ላነሰ ወይም የልብ ሕመም ላለበት ሰው ረዘም ያለው መንገድ የተሻለ ነው። ክኒኑ ከመጀመሩ በፊት ሦስት ነገሮች መጠየቅ አለባቸው። ታካሚው አሚዮዳሮን የሚባለውን የልብ ምት መድኃኒት ይወስዳል ወይ? ከሶፎስቡቪር ጋር ሲገናኝ የልብ ምትን በአደገኛ ሁኔታ ያዘገየዋል። ኦሜፕራዞል ወይም መሰሎቹን ይወስዳል ወይ? ቬልፓታስቪር ወደ ሰውነት እንዳይገባ ይቀንሱታል። ሄፓታይተስ ቢስ ተመርምሯል ወይ? ሲ ሲጠፋ ተደብቆ የቆየው ቢ ሊነሳ ይችላልና።

በአልኮል ምክንያት በመጣ ሲሮሲስ ዋናው ሕክምና መጠጡን ፈጽሞ ማቆም ነው፤ መድኃኒቶቹ ለዚሁ የሚያግዙ ናቸው። ዳይሰልፊራም ራሱ ጉበትን ሊመርዝ ስለሚችል እዚህ ቦታ የለውም። አካምፕሮሴት በጉበት ሳይሆን በኩላሊት ስለሚወጣ ኩላሊቱ ደህና ለሆነ ሰው ተስማሚ ነው። ባክሎፌን በሲሮሲስ ሕሙማን ላይ በቀጥታ የተሞከረ መድኃኒት በመሆኑ ተመራጭነት አለው፤ ነገር ግን ያደነዝዛል፤ የአእምሮ መደናገር ያጋጠመው ሰው ባይጀምረው ይሻላል።

ሰውነት የራሱን ጉበት በሚያጠቃበት የጉበት ብግነት ፕሬድኒሶሎንና አዛትዮፕሪን የተለመዱ ናቸው። እዚህ ላይ አንድ የሚያታልል ምርጫ አለ። ቡዴሶናይድ የሚባለው ስቴሮይድ ጉበት ሲያልፍ አብዛኛው ስለሚከሽፍ በቀሪው ሰውነት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ትንሽ ነው ተብሎ ይወደዳል፤ ሲሮሲስ ሲኖር ግን ደሙ ጉበቱን እየዘለለ በሌላ መንገድ ስለሚሄድ ይህ ብልጫው ይጠፋል፣ በጉበት በር ደም ሥር ውስጥ ደም የመርጋት አደጋም ይጨምራል። ስለዚህ ለሲሮሲስ ሕሙማን አይመከርም። በትንንሽ የሐሞት ቱቦዎች መቆጣት ለሚመጣው ሲሮሲስ ኡርሶዲኦክሲኮሊክ አሲድ በየቀኑ በኪሎ ክብደት ከ13 እስከ 15 ሚሊግራም ይሰጣል፤ ይህን መድኃኒት ለሌላው ዓይነት ሲሮሲስ ሁሉ «የጉበት መድኃኒት» አድርጎ መውሰድ ግን ጥቅሙ አልተረጋገጠም። መዳብ በሚከማችበት የዊልሰን በሽታ ፔኒሲላሚን፣ ትራየንቲን ወይም ዚንክ፣ ብረት በሚከማችበት በሽታ ደግሞ ደም መቅዳት ሥራውን ይሠራሉ።

ከስብ ክምችት ለሚመጣው የጉበት በሽታ ሬስሜቲሮም በአሜሪካ በ2024 መጽደቁ ብዙዎችን አስደስቷል። ነገር ግን የጸደቀው መካከለኛና ከፍ ያለ ጠባሳ ላላቸው፣ ሲሮሲስ ላይ ላልደረሱ ሰዎች ነው። ሲሮሲስ ላይ ለደረሰው ዛሬም ክብደትን በጥንቃቄ መቀነስና ስኳርን መቆጣጠር ነው ዋናው።

የደም መፍሰስን የሚከላከሉ መድኃኒቶች

ጠባሳው ደም በጉበት ውስጥ እንዳያልፍ ሲያግደው ከአንጀት የሚመጣው ደም ሥር ግፊቱ ይጨምራል፤ ወደ ጉበት በሚገባውና ከጉበት በሚወጣው ደም ሥር መካከል ያለው የግፊት ልዩነት 10 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ሲደርስ መዘዞቹ መታየት ይጀምራሉ፣ ከ12 ሲያልፍ ደግሞ ያበጡት ደም ሥሮች ሊፈነዱ ይችላሉ። ይህን ግፊት የሚቀንሱት መራጭ ያልሆኑ ቤታ ብሎከሮች የሚባሉት ፕሮፕራኖሎል፣ ናዶሎል እና ካርቬዲሎል ናቸው። ለደም ግፊት የሚሰጡት አቴኖሎልና ሜቶፕሮሎል በስም ዘመድ ቢሆኑም በዋናነት ልብ ላይ ብቻ ስለሚሠሩ ለዚህ ዓላማ አይተኩም። ሌላ ቦታ «ቤታ ብሎከር እየወሰድኩ ነው» ብሎ የሚያምን ታካሚ የመድኃኒቱን ስም ለሐኪሙ ማሳየት አለበት።

ፕሮፕራኖሎል ከ1981 ጀምሮ በዚህ በሽታ ላይ የተጠና ነው። ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 40 ሚሊግራም በቀን ሁለት ጊዜ ተጀምሮ የልብ ምት በደቂቃ ከ55 እስከ 60 እስኪደርስ ይጨመራል። ናዶሎል በቀን አንድ ጊዜ ብቻ መወሰዱ ይመቻል፤ በኩላሊት ስለሚወጣ ግን ኩላሊቱ ለደከመ ሰው ይከማቻል። ካርቬዲሎል በጉበት ውስጥ ያለውን የደም ሥር ጥበትም ስለሚያላላ ግፊቱን ከፕሮፕራኖሎል የበለጠ ይቀንሳል፤ አጠቃቀሙም ቀላል ነው፤ በቀን 6.25 ሚሊግራም ይጀመራል፣ ታካሚው ከተቀበለው ከጥቂት ቀናት በኋላ ወደ 12.5 ያድጋል፣ የልብ ምትን እያሳደዱ መጠን መለዋወጥ አያስፈልግም። በ2021 የተካሄደው የባቬኖ የባለሙያዎች ጉባኤም በመጀመሪያው ደረጃ ላይ ላሉ ታካሚዎች ካርቬዲሎልን አስቀድሟል። የካርቬዲሎል ድክመት የመላ ሰውነትን የደም ግፊትም ዝቅ ማድረጉ ነው፤ ስለዚህ ግፊቱ ቀድሞውንም ዝቅተኛ ለሆነና ውኃ ለቋጠረ ታካሚ ፕሮፕራኖሎል በትንሽ መጠን የተሻለ ጎዳና ሊሆን ይችላል። ሦስቱም አስም ላለበትና የልብ ምቱ እጅግ ለዘገየ ሰው አይሰጡም።

እነዚህ መድኃኒቶች መድማትን ብቻ ሳይሆን በሽታው ወደ ሁለተኛው ደረጃ እንዳይገባም ያግዛሉ። በ2019 የታተመው ፕሬዴስሲ የተባለ የስፔን ጥናት፣ ግፊታቸው ከፍ ብሎ ገና ምንም መዘዝ ያልታየባቸውን 201 ታካሚዎች ተከታትሎ፣ ቤታ ብሎከር ከወሰዱት 16 በመቶው፣ ካልወሰዱት 27 በመቶው ወደ ሁለተኛው ደረጃ እንደገቡ ወይም እንደሞቱ አሳይቷል፤ ልዩነቱም በአብዛኛው የመጣው የሆድ ውኃ በመቀነሱ ነው።

ክኒኑን የማይችል ሰው ያበጡት ደም ሥሮች በኤንዶስኮፒ (በአፍ በሚገባ ካሜራ ባለው ቱቦ) በላስቲክ ቀለበት ይታሰሩለታል። ማሰር ግን የሚያክመው የታሰረውን ቦታ ነው፤ የግፊቱ ምንጭ እንዳለ ይቀራል። አንድ ጊዜ ለደማ ሰው ሁለቱም አብረው ይሰጣሉ፤ አንዱ ሌላውን አይተካም። ደረጃው ሲለወጥ ደግሞ ምርጫው እንደገና መታየት አለበት። የላይኛው የደም ግፊት ከ90 በታች ከወረደ፣ ኩላሊት ከደከመ ወይም የደም ሶዲየም በጣም ካነሰ ሐኪሙ ቤታ ብሎከሩን ይቀንሰዋል ወይም ያቆመዋል።

የሆድ ውኃን የሚቀንሱ መድኃኒቶች

ሆድ ውኃ የሚቋጥረው ኩላሊት አልዶስተሮን በሚባለው ሆርሞን እየታዘዘ ጨውን አጥብቆ ስለሚይዝ ነው። የመድኃኒቱ ምርጫም ከዚህ ይመነጫል። አልዶስተሮንን በቀጥታ የሚከለክለው ስፓይሮኖላክቶን መሪ መድኃኒት ሲሆን ፉሮሴማይድ አጋዥ ነው። በልብ ድካም ፉሮሴማይድ ቀዳሚ ስለሆነ ብዙ ሰዎች እዚህም ኃይለኛው እርሱ ይመስላቸዋል፤ በሲሮሲስ ግን ፉሮሴማይድ ብቻውን ያስለቀቀውን ጨው አልዶስተሮን ከኋላ እየተከተለ ይመልሰዋል፣ ፖታሲየምም በከንቱ ይባክናል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ውኃ ለቋጠረ ሰው ስፓይሮኖላክቶን በቀን 100 ሚሊግራም ብቻውን ሊጀመር ይችላል። ለረጅም ጊዜ ለቆየ ወይም ለተመለሰ ውኃ ሁለቱን አብሮ መጀመር ይሻላል፤ የተለመደው ምጣኔ 100 ሚሊግራም ስፓይሮኖላክቶን ለ40 ሚሊግራም ፉሮሴማይድ ሲሆን፣ ምጣኔው ፖታሲየምን በልኩ ለማቆየት ይረዳል። መጠኑ ምጣኔውን ሳይለቅ ከፍተኛው 400 እና 160 ሚሊግራም እስኪደርስ ሊጨመር ይችላል። ስፓይሮኖላክቶን ሥራው የሚታየው ከቀናት በኋላ ስለሆነ በማግስቱ ሆዱ አልቀነሰም ብሎ መጠን መጨመር ስሕተት ነው። በወንዶች ላይ ጡትን ያሳብጣል፣ ያሳምማልም፤ ይህ ብዙ ታካሚዎች አፍረው የማይናገሩት፣ መድኃኒቱንም በድብቅ የሚያቋርጡበት ምክንያት ነው። መናገር ይሻላል፤ አሚሎራይድ፣ ኃይሉ አነስ ቢልም፣ ወይም ኤፕሌሬኖን ሊተካው ይችላል።

የመድኃኒቱ ልክ የሚታወቀው በሚዛን ነው። በየጠዋቱ ከሽንት በኋላና ከቁርስ በፊት መመዘን ያስፈልጋል። እግሩ ያላበጠ ታካሚ በቀን ከግማሽ ኪሎ በላይ፣ ያበጠው ደግሞ ከአንድ ኪሎ በላይ መቀነስ የለበትም፤ በሆድ ያለው ውኃ ወደ ደም ሥር የሚመለሰው ቀስ ብሎ ስለሆነ ከዚያ በፈጠነ ቁጥር የሚደርቀው ደሙ፣ የሚጎዳውም ኩላሊቱ ነው። ጨው በቀን ወደ 5 ግራም ካልተወሰነ የትኛውም መድኃኒት አያሸንፍም። ውኃ መጠጣትን መገደብ ግን የደም ሶዲየም ከ125 በታች ካልወረደ በቀር አያስፈልግም። አንድ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር «ጤናማ ጨው» ተብሎ የሚሸጠው ምትክ ብዙ ጊዜ ከፖታሲየም የተሠራ መሆኑ ነው። ከስፓይሮኖላክቶን ጋር ሲደመር የደም ፖታሲየምን እስከ ልብ ማቆም ድረስ ሊያንረው ይችላል።

ሆዱ ተወጥሮ ትንፋሽ ለሚያሳጥረው ሰው ክኒን መጠበቅ አይገባም፤ ውኃው በመርፌ ይቀዳል። ከ5 ሊትር በላይ ሲቀዳ በየሊትሩ 8 ግራም ያህል አልቡሚን በደም ሥር ይሰጣል፤ ይህ ካልተደረገ ደም ዝውውሩ ተዳክሞ ኩላሊት ይጎዳል። አልቡሚንን ዘወትር መስጠት ይጠቅማል ወይ ለሚለው ጥያቄ ሁለት ትልልቅ ጥናቶች የተለያየ መልስ ሰጥተዋል። በ2018 የታተመው የጣሊያን ጥናት ከቤታቸው እየመጡ በየሳምንቱ 40 ግራም ለወራት የወሰዱ ውኃ የቋጠሩ ታካሚዎች የተሻለ ዕድሜ እንዳገኙ ሲያሳይ፣ በ2021 የታተመው የብሪታንያ ጥናት ሆስፒታል በተኙት ላይ የአልቡሚንን የደም መጠን ለማስተካከል ብቻ መስጠት እንዳልጠቀመ፣ ይልቁንም በሳንባ ውኃ የመቋጠር ችግር እንዳበዛ አሳይቷል። ሁለቱ የሚቃረኑ አይመስለኝም፤ ታካሚዎቹም የአሰጣጡ ዓላማም የተለያዩ ነበሩ። መድኃኒቱ ምንም ቢሆን ውኃው የማይለቅ ከሆነ፣ ቲፕስ የሚባለው በጉበት ውስጥ የሚገባ ቱቦና ንቅለ ተከላ ይታሰባሉ።

የአእምሮ መደናገርን የሚያክሙ መድኃኒቶች

ጉበት ሊያጣራው የሚገባው አሞኒያና መሰል መርዝ ወደ አንጎል ሲደርስ እንቅልፍ ይገለባበጣል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ንግግር ይዛነፋል፣ ሲብስ ራስን እስከ መሳት ይደረሳል። ላክቱሎስ የመጀመሪያው ምርጫ ሆኖ ቆይቷል፤ አንጀቱን አሲዳማ አድርጎ አሞኒያው እንዳይሰርግ ይይዘዋል፣ ጠርጎም ያስወጣዋል። ከ15 እስከ 30 ሚሊሊትር በቀን ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ይጀመራል፤ ትክክለኛው መጠን ግን ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ሳይሆን በቀን ሁለት ወይም ሦስት ለስላሳ ሰገራ የሚያስገኘው ነው። ተቅማጥ እስኪሆን ከበዛ ሰውነት ደርቆ መደናገሩ ራሱ ይባባሳል። ስለዚህ ላክቱሎስ «አልሠራልኝም» ከመባሉ በፊት መጠኑ አንሶ ወይም በዝቶ እንዳይሆን መጣራት አለበት።

ሪፋክሲሚን በአንጀት ውስጥ ብቻ የሚሠራ፣ ወደ ደም እምብዛም የማይገባ አንቲባዮቲክ ነው፤ 550 ሚሊግራም በቀን ሁለት ጊዜ ይወሰዳል። በ2010 በታተመው ጥናት በስድስት ወር ውስጥ መደናገሩ የተመለሰባቸው ሪፋክሲሚን ከወሰዱት 22 በመቶው፣ ማስመሰያ ክኒን ከወሰዱት 46 በመቶው ነበሩ። ይህን ቁጥር ያየ ሰው ላክቱሎስን ጥሎ ወደ ሪፋክሲሚን ሊሄድ ይፈልጋል፤ ነገር ግን በዚያ ጥናት ከአሥር ታካሚዎች ከዘጠኝ የሚበልጡት ላክቱሎስም ይወስዱ ነበር። እንግዲህ ጥናቱ የሚለው ሪፋክሲሚን ላክቱሎስን ይተካል ሳይሆን፣ ላክቱሎስ እየተወሰደ መደናገሩ ለተመለሰበት ሰው ሪፋክሲሚን ይጨመርለት ነው። ኒዮማይሲን ጆሮንና ኩላሊትን፣ ሜትሮኒዳዞል ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ነርቭን ስለሚጎዱ ሌላ ሲጠፋ ብቻ የሚታሰቡ ናቸው።

ፕሮቲን መከልከል የቀድሞ ልማድ ነው፤ ዛሬ አይደገፍም። ሲሮሲስ ያለበት ሰው በቀን በኪሎ ክብደት ከ1.2 እስከ 1.5 ግራም ፕሮቲን ያስፈልገዋል፤ ጡንቻም አሞኒያን ስለሚያጣራ ጡንቻው የከሳ ሰው ይበልጥ ይደናገራል። የእንቅልፍ ክኒኖች፣ በተለይ ዳያዜፓምና ወገኖቹ፣ መደናገሩን ይቀሰቅሳሉ። በድንገት የተደናገረ ታካሚ ሲኖር ደግሞ ቀስቃሹን መፈለግ ያስፈልጋል፤ የሆድ ድርቀት፣ የደም መፍሰስ፣ ኢንፌክሽን ወይም የበዛ የሽንት መድኃኒት ብዙውን ጊዜ ከጀርባ ይገኛል።

በሆስፒታል ብቻ የሚሰጡት

ደም ማስታወክ ወይም ጥቁር ሰገራ ሲታይ ቤት ውስጥ የሚወሰድ መድኃኒት የለም። በሆስፒታል ተርሊፕሬሲን ወይም ኦክትሬኦታይድ ከሁለት እስከ አምስት ቀን ይሰጣል፤ መድማትን በማቆም ረገድ ተቀራራቢ ናቸው፤ ኦክትሬኦታይድ ለልብና ለደም ሥር የቀለለ ስለሆነ የልብ ሕመም ላለበት ይመረጣል። ከዚሁ ጋር እንደ ሴፍትሪአክሶን ያለ አንቲባዮቲክ በቀን 1 ግራም ይሰጣል፤ ደም በሚፈስበት ጊዜ ኢንፌክሽን መከላከል ሕይወት ያተርፋል።

በሆድ ውኃው ውስጥ በአንድ ሚሊሜትር ኩብ 250 ወይም ከዚያ በላይ ኒውትሮፊል የሚባለው ነጭ የደም ሴል ከተገኘ ውኃው በባክቴሪያ ተበክሏል ማለት ነው። አንቲባዮቲክ ብቻውን አይበቃም፤ አልቡሚን በመጀመሪያው ቀን በኪሎ 1.5 ግራም፣ በሦስተኛው ቀን 1 ግራም ሲጨመር የኩላሊት መድከምና ሞት እንደሚቀንስ በ1999 በታተመ ጥናት ታይቷል። ከዚያ በኋላ እንዳይመለስ ኖርፍሎክሳሲን፣ ሲፕሮፍሎክሳሲን ወይም ኮትሪሞክሳዞል ለረጅም ጊዜ ሊታዘዝ ይችላል።

ኩላሊት በጉበት ምክንያት ሲደክም ተርሊፕሬሲን ከአልቡሚን ጋር ቀዳሚ ምርጫ ነው፤ ኖራድሬናሊን በጽኑ ሕሙማን ክፍል ይተካዋል፤ ሚዶድሪን ከኦክትሬኦታይድ ጋር ደካማ ስለሆነ ሌሎቹ በማይገኙበት ጊዜ ይሰጣል። ተርሊፕሬሲን የመተንፈስ ችግር ሊያስከትል ስለሚችል የኦክስጅን መጠኑ ዝቅ ላለ ወይም ሳንባው ውኃ ለያዘ ታካሚ አይመከርም።

ለሕመም፣ ለማሳከክና ለሌላው

ለራስ ምታትና ለመገጣጠሚያ ሕመም የሚደረገው ምርጫ ብዙዎችን ያሳስታል። ፓራሲታሞል የጉበት መርዝ ነው ተብሎ ስለሚፈራ በምትኩ ኢቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ ይወሰዳል። በሲሮሲስ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ፓራሲታሞል በቀን ከ2 ግራም ሳያልፍ፣ አልኮል በሌለበት፣ የተሻለው ምርጫ ሲሆን፣ ኢቡፕሮፌንና መሰሎቹ ኩላሊትን ያዳክማሉ፣ የሽንት መድኃኒቱን ሥራ ያከሽፋሉ፣ መድማትንም ያባብሳሉ። ውኃ ለቋጠረ ሰው እንደ ኤናላፕሪል ያሉ የደም ግፊት መድኃኒቶችና እንደ ጄንታሚሲን ያሉ አንቲባዮቲኮችም በተመሳሳይ ምክንያት ይከለከላሉ።

ለማሳከክ ኮሌስቲራሚን ይጀመራል፤ ሌሎች መድኃኒቶችን ስለሚይዝ እነርሱ ከእርሱ አንድ ሰዓት ቀድመው ወይም ከአራት ሰዓት በኋላ መወሰድ አለባቸው። ሪፋምፒሲን ቀጣዩ ነው፣ ግን ራሱ ጉበትን ሊያስቆጣ ስለሚችል ምርመራ ይጠይቃል። የሚያስተኙ የአለርጂ ክኒኖች መደናገርን ስለሚጋብዙ አይመከሩም። ስታቲን የሚባለው የኮሌስትሮል መድኃኒት በመጀመሪያው ደረጃ ላይ ለልብ ሲባል ከታዘዘ መፍራት አያስፈልግም፤ በሁለተኛው ደረጃ ላይ ግን ሲምቫስታቲን በ40 ሚሊግራም ጡንቻን እንደሚያፈርስ ታይቷል፣ በሽታው እንዳይባባስ ይከላከላል የሚለው ተስፋም በ2025 በታተመ ጥናት አልተደገፈም። ጉበት «ያጸዳሉ» ተብለው የሚሸጡ ዕፅዋትና ድብልቆች ሲሮሲስን እንደሚመልሱ የተረጋገጠ ነገር የለም፤ አንዳንዶቹም ጉበትን በመመረዝ የታወቁ ናቸው። ሊወሰዱ የታሰቡ ከሆነ ቢያንስ ለሐኪሙ ይነገሩ።

መድኃኒቶቹ ሁሉ በትክክል እየተወሰዱም ውኃው ከተመለሰ፣ መደናገሩ ከተደጋገመ ወይም የጉበት በሽታን ክብደት የሚለካው ሜልድ የሚባለው ነጥብ 15 ከደረሰ፣ ስለ ንቅለ ተከላ መጠየቅ ተገቢ ነው። ይህን ጥያቄ ለማንሳት ክኒኖቹ ሁሉ እስኪሞከሩ መጠበቅ አይገባም፤ ምርመራውና ዝግጅቱ ወራት የሚወስድ ሲሆን፣ ታካሚው ቀዶ ሕክምናውን መቋቋም የሚችለው ጡንቻውና ኩላሊቱ ገና ሳይከዱት ነው። እስከዚያው በየስድስት ወሩ የሚደረገው የጉበት አልትራሳውንድ፣ ካንሰርን ገና ትንሽ ሳለ ለማግኘት የሚረዳው፣ የትኛውም መድኃኒት ቢመረጥ መቋረጥ የለበትም።